ዕረፍት የማያውቅ እግር

የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያመላልስ ኖሮ፣ የገዛ ልጆቹን አንድ ቀን እንኳ ሐይቅ ዳር ወስዷቸው አያውቅም። ትንንሽ ሳሉ እሱ ሥራ ላይ ነበር፤ እሱ ፈቃድ ሲያገኝ ደግሞ እነሱ አድገው፣ ክንፍ አውጥተው፣ ከወላጅ ጋር መታየት የሚያሳፍራቸው ሆኑ። ዘንድሮ ግን ትልቋ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ሆነና፣ እናትየው ለምና አስለምና ሁለቱንም እሺ አሰኘቻቸው።

ትልቋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያልፈረደችው ጠብ ስለሌለ ቤተሰቡ «ዳኛዋ» ይላታል። በጉዞው ማለዳ በራፉ ላይ ቆማ ሕጉን አሰማች።

«አባዬ፣ ዕረፍት ማለት ዕረፍት ነው። መሪ አትነካም። ፍሬን አትረግጥም። ሰው አትጭንም።»

«እኔ ምን በወጣኝ!»

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ሚስቱ በጆሮው፣ «ዛሬ ካስቀየምካቸው ለከርሞ በአማላጅም አናገኛቸው።»

ይህች ቃል ልቡ ላይ ተሰካች። ለከርሞም ይምጡለት እንጂ ሌላ ምን ይፈልጋል!

የተከራዩትን ሚኒባስ ታናሽየው፣ ፌዘኛው፣ ያዘ። አባት ከኋላ እንደ አማች ተኮፍሶ ተቀመጠ። አፉ ዝም ቢልም እግሩ ዝም አላለም፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ወለሉን ይረግጣል።

«አባዬ፣ ወለሉ ሊቀደድ ነው!»

«እግሬ ደንዝዞ ነው።»

ከምሳ በኋላ ፌዘኛውን እንቅልፍ ያዳፋው ጀመር። ዳኛዋ መንጃ ፈቃድ የላትም። እያየችው ሦስቴ ሲያዛጋ፣ «በል አባዬ፣ እስከሚቀጥለው ከተማ ብቻ» ብላ ፈረደች። ሹፌሩ መሪውን ሲጨብጥ የጠፋ ወዳጁን እንዳገኘ ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ትንሿ ከተማ መግቢያ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ያለው መጠለያ ሥር፣ ሰዎች ቆመዋል። ሹፌሩ በኋላ ምሎ እንደተናገረው ሐሳቡ ሐይቁ ጋ ነበር፤ እግሩ ግን ከሐሳቡ ጋር አልተማከረም። ሚኒባሱ እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ፌርማታው ላይ ቁጭ አለ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ!» አለ አፉም፣ እግሩን ተከትሎ።

አንዲት አሮጊት ገቡ። ከኋላቸው አንድ አናጺ፣ አዲስ የሠራውን የቤት በር ታቅፎ። በሩ ሌላ ቦታ ስላጣ በዳኛዋና በፌዘኛው መሐል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በሩን ዝጋው!» አለ ሹፌሩ።

«የቱን?» አለ አናጺው።

ከበሩ ወዲያ የዳኛዋ ድምፅ መጣ፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ። «አባዬ። ምን ተባብለን ነበር?»

ሹፌሩን ላብ አጠመቀው። ሚስቱ ግንባሯን ይዛለች። «ለከርሞ» የሚባለው ነገር በመስኮት ዘሎ ሲያመልጥ ታየው። ውረዱ እንዳይል አሮጊቷ ምርቃት ጀምረዋል፤ እየመረቀ ያለ ሰው ደግሞ እንዴት ውረድ ይባላል?

ይሄኔ ፌዘኛው በሩን አንኳኳ።

«ቤቶች!»

ደግሞ አንኳኳ።

«ቤቶች! ሰው የለም?»

«የሉም!» አለች ዳኛዋ ከወዲያ። «ዕረፍት ሄደዋል!»

«ታዲያ መቼ ይመለሳሉ?» አሉ አሮጊቷ፣ የምር ጨንቋቸው።

«አባታቸው ፌርማታ ሲያልቅበት!» አለች ዳኛዋ።

ሳቁ ፈነዳ። አናጺው እንኳ በሩን ተደግፎ ተንፈራፈረ። ሹፌሩ በስፖኪዮው ተመለከተ። እንዲህ ባለች ትንሽ መስታወት ስንት የሰው ልጅ ሲስቅ፣ ሲያኮርፍ፣ ሲያንቀላፋ አይቶባታል። ዛሬ ውስጧ ያሉት የራሱ ናቸው። ጉሮሮውን ጠረገና አንጎራጎረ፤

«ሐይቅ አያለሁ ብዬ መንገድ አቋርጬ፣
ልጆቼን አየኋቸው መሪዬን ጨብጬ።»

«ግጥሙ ይቆይና መንገዱን እይ!» አለች ሚስቱ።

አሮጊቷን ደጃፋቸው፣ በሩን ቤቱ አደረሱ። እስኪገጠም ደግፎ የያዘውም ፌዘኛው ነው። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ጀልባዎቹ ሁሉ ታስረው ነበር። ዳኛዋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃ ውስጥ ነከረች። አባቷ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ፍርዱን ጠበቀ።

«ለከርሞም እንመጣለን» አለች።

ከደስታው ብዛት ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ።

«ግን በባቡር።»

«ለምን በባቡር?»

«ባቡር በየመንገዱ ሰው አይለቅምማ። የሚቆመው ፌርማታው ላይ ብቻ ነው።»

ሹፌሩ የተዘረጋ እጁን ሰበሰበ። ሚስቱን አየ፤ ከእሷ ፍርድ ሲያጣ ሐይቁን አየ።

«እኔስ» አለ፣ «የት ነው የቆምኩት?»