ከሳሎን የወጣችው ቅጠል

ጎረቤቶቼ ጣውንቴ ይሏት ነበር። "ጣውንትሽ እንዴት አደረች?" እያሉ ሲያሾፉብኝ እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ሆዴ ግን ሁልጊዜ አይስቅም። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነበር።

ቅጠል ናት እንግዲህ። አበባዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቅጠሏ ግን ትንሽ ሰፌድ ያክላል፤ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስላሳ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ነጭ ጅማት የተሰራጨበት። ጓደኛው ከውጭ አገር ሲመለስ ቁራጯን በእርጥብ ካልሲ ጠቅልሎ አመጣለት። አዲስ አበባ ያሉ ችግኝ ሻጮች እንኳ አያውቋትም ይለኝ ነበር። እሱ የቴፒ ልጅ ነው። ለማስተማር ሮቤ መጣ፣ እኔን አገባ፣ እዚሁ ቀረ፤ ብርዱን ግን እስከ መጨረሻው አልለመደውም። ሙቀት ካላገኘች የምትሞት ቅጠል በስንዴና በገብስ አገር ማሳደግ ምን ይባላል? እልህ ይመስለኛል። አፈሯን በዛፍ ቅርፊትና በተሰባበረ ከሰል ያዘጋጃል፤ ከሥሯ ጠጠርና ውሃ የያዘ ትሪ ያስቀምጣል፤ ሲመሽ ከመስኮቱ አርቆ ላስቲክ ያለብሳታል። እኔን ጋቢ ልደርብልሽ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ታመመ። ጎባ ሆስፒታል ተኛ። ሱቄን ዘግቼ በየቀኑ በሚኒባስ እመላለስ ጀመር። ገና ስገባ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው። አዲስ ቅጠል ልታወጣ ተጠቅልላ ቆማ ነበር፤ እንደ ጣት የቀጠነች።

"ስትዘረጋ መጀመሪያ ቀይ ናት" አለኝ። "አረንጓዴ እስክትሆን እያየሽ ንገሪኝ። እኔ ባልኖር አንቺ እያት። ብቻ ብርድ እንዳያገኛት።"

ወላሂ እሺ አልኩት። እሷ ሳትዘረጋ እሱ ሄደ።

የእኛን አገር ለቅሶ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጀናዛው ከጎባ ሳይደርስ ሴቶቹ ሳሎኑን ባዶ አድርገው ጨርሰዋል። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ያለው ሁሉ ወጥቶ ፍራሽ ተነጠፈ። ማንም ሳያዛቸው ነው የሚያደርጉት። ሐዘንተኛ ደግሞ ከፍራሹ አይነሳም። ውሃ እንኳ ሰው ነው የሚያጠጣው።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት። ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጡ ቀና ብዬ አየሁ። መስኮቱ ሥር ባዶ ነው።

"ቅጠሏስ?" አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤታችን፣ አዴ የምላቸው አሮጊት፣ እጄን ያዙኝ። "ጀባዹ፣ ያ ኢንተላ ኮ። በርቺ ልጄ፣ ሰብር አድርጊ።"

"አዴ፣ ቅጠሏ ውጭ ናት። ብርድ ይገላታል። አስገቡልኝ።"

"አላህ ያጽናሽ" አሉና ወደ ሴቶቹ ዞረው በአፋን ኦሮሞ አንሾካሾኩ። ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቷል፣ ባሏን ትታ ስለ ቅጠል ታወራለች አሉ። እንደማልሰማ ሁሉ። ልነሳ ስል ሁለት ሴቶች ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ። ስጮህ ቁርኣን ይቀራባት ተባለ። በማግስቱም ለመንኳቸው፤ እሺ፣ እሺ አሉኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ስል ተሻላት ብለው አላህን አመሰገኑ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ። ሶፋው ገባ፣ ጠረጴዛው ገባ። እሷ ከጓሮ፣ ከጀሪካኖቹ አጠገብ ተገኘች። ቅጠሎቿ ጠቁረው የተቀቀለ ጎመን መስለዋል። ያቺ የተጠቀለለችውም እንደተጠቀለለች ጠቁራለች። ከሥሯ ታቆጠቁጥ ይሆናል ብዬ ላስቲክ አለበስኳት፤ ዒዳዬን፣ ባል የሞተባት የምትቀመጠውን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ እስክጨርስ ከቤት ስለማልወጣ ሌላ ሥራም አልነበረኝም። በመጨረሻ ስቆፍራት ሥሯ በእጄ ላይ ሟሟ።

ማንን ልቆጣ? ያበሉኝን? እግሬን ያጠቡኝን? ተቆጣሁ ግን። አሁንም እቆጣለሁ። ለእሱ የማልኩለትን ቃል ደግነታቸው ነው ያስበላኝ፣ ደግነት ደግሞ አይከሰስም።

ነገሩ ኋላ ሲገባቸው አዋጥተው ከገበያ የፕላስቲክ ተክል ገዝተው መጡ፤ ከእሷ ሁለት እጥፍ የሚሆን፣ የሚያብረቀርቅ። "ይኸኛው ብርድ አይነካውም" አሉኝ አዴ፣ ደስ ብሏቸው። መስኮቱ ሥር በእጃቸው አስቀመጡት። አመሰገንኩ። ሲመጡ እንዳያጡት ብዬ አልጥለውም፤ አርብ አርብ አቧራውን እጠርጋለሁ።

ዘንድሮ ኅዳር ሲገባ ግን እጄ ሳያማክረኝ የፕላስቲኩን ተክል ከነማሰሮው ከመስኮቱ መጎተት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት አዴ በሩን ከፍተው ሲገቡ ላስቲክ ሳለብሰው አገኙኝ። ቆመው አዩኝ፤ መጥተው እንደዚያን ቀን እጄን ያዙኝ። ያን ጊዜ አበደች ሲሉ ተሳስተው ነበር። አሁን ቢሉኝ ግን ተሳስታችኋል አልላቸውም።