ሳይሄድ የከረመው ኢሜይል

የተላከ ኢሜይል አይመለስም ይላሉ። ውሸት ነው። የእኔ መመለስ ይችል ነበር፤ ያውም ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ሳይሆን ለወራት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም መግደፌን ነግሬ ይህችን ዘልያታለሁ።

ክብሮም ወልድያ ውስጥ አብሮኝ ያስተምር ነበር። አባቱ ከትግራይ መጥተው ሱቅ ከፍተው የኖሩ ናቸው፤ እሱ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። በዐሥር ዓመት እበልጠዋለሁ። በመጻፍ ግን ይበልጠኛል፤ ይህን ዛሬም ጥርሴን ነክሼ ነው የምጽፈው። ለአንድ የምርምር ዕድል ተወዳደርን፤ እሱ አለፈ፣ እኔ ቀረሁ። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ነበር የሚገባው» አለኝ። ቢኮራብኝ ይሻለኝ ነበር። ያቃጠለኝ ትሕትናው ነው።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ዕድሉን ለሰጡት ሰዎች ኢሜይል ጻፍሁ። «የዚህ ሰው ልቡ ከወዲያኛው ወገን ነው፤ ብታጣሩ መልካም ነው።» ስሜን አልጻፍሁም፤ አድራሻውንም ለዚሁ ብዬ ነው የከፈትሁት። ላክ የሚለውን ስጫን ኔትወርክ ጠፋ። ኢሜይሉ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው ስልኬ ውስጥ ቁጭ አለ።

ከዚያ ከክብሮም ጋር አብረን ሸሸን፤ መርሳ፣ እህቴ ቤት። መርሳም ብዙ ሳትቆይ ተያዘች። መብራትም ስልክም የለም። ክብሮም ትንሽ ሶላር ይዞ ነበርና ጠዋት ጠዋት ስልኬን ተቀብሎ ቻርጅ ያደርግልኛል። «አብሽር ጋሼ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ስልክዎ ሞቶ እንዳይገኝ» ይለኛል። በገዛ ሶላሩ፣ በገዛ እጁ! ለመሰረዝ አንዲት ጣት ትበቃ ነበር። ለምን አልሰረዝሁም? ረስቼው? አልረሳሁም፤ በየቀኑ አየው ነበር።

አንድ ቀን ታጣቂዎች የእህቴን በቅሎ ሊወስዱ መጡ። ክብሮም በትግርኛ ለምኖ አስቀረልን። እህቴ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። እኔስ? በልቤ «ይኸው ማስረጃ» አልሁ። ቅናት ውለታንም ክስ ያደርገዋል።

ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ፤ ቆይቶ ኔትወርክ መጣ። መርሳ በእልልታ ተናጋች፤ ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «አለሁ! አለሁ!» ይላል። በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል የእኔ ኢሜይል ሄደ። ራሱ ሄደ ለማለት ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ራሱ አልሄደም። እኔ ላክሁት። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሳልሰርዘው በዋልሁበት ቀን ሁሉ ላክሁት።

«ጥቆማ ደርሶናል» ብለው ዕድሉን ሰረዙበት። እኔው ዘንድ መጥቶ «ጋሼ፣ ማን ነው እንዲህ የጠላኝ?» አለኝ። «ጊዜው ነው» አልሁት። ጊዜ ኢሜይል ይጽፋል? በእሱ ቦታ እኔን ጠሩኝ። ሄድሁ።

በጦርነቱ አላሳብብም፤ ጦርነቱ የራሱ ኃጢአት ይበቃዋል። ክብሮም ከወልድያ ወጥቷል። ስልክ ቁጥሩ አለኝ፤ ደውዬለት ግን አላውቅም። አንባቢ፣ ሰውየውን የምታውቀው ከሆነ ይህን አንብብለት። «ተጸጽቷል» ብለህ ግን እንዳትጨምርበት።