ሁለት ጠብታ ሙጫ

በመሥሪያ ቤቱ ዶክተር እየተባለ የሚጠራው ሰው በሕይወቱ አንድም በሽተኛ አክሞ አያውቅም። የሚያክመው ኮምፒውተርና ማተሚያ ነው። ከዓመታት በፊት የማተሚያ ቀለም ልብሱን እንዳያበላሽበት ብሎ ከንብረት ክፍል ነጭ ጋወን ወሰደ፤ በዚያው ዕለት ስም ወጣለት። “ዶክተር፣ ማተሚያችን ወረቀት ውጦ ቀረ” ይሉታል። “ዶክተር፣ የኔዋ ከትናንት ጀምሮ አልነቃችም” ይሉታል። እሱም ለምዶታል፤ “ምን አብልታችኋት ነው?” እያለ መፍቻውን ይዞ ይሄዳል። አንድ የሚመካበት ነገር ቢኖር በሃያ ዓመት ውስጥ ያላመነበት ሪፖርት ላይ ፈርሞ አለማወቁ ነው። ይህንን ደግሞ ሳይጠየቅም ይናገራል።

ከእሱ ክፍል ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩን ተሻግሮ፣ የዋና ጸሐፊዋ ቢሮ አለ። ሥራ አስኪያጁም ዘበኛውም እትዬ ነው የሚሏት። ዶክተር አዲስ ተቀጣሪ ሆኖ ደብዳቤ በሁለት ጣት ሲለቅም ያየችው እሷ ናት። “ዶሮም እንዲህ አትለቅም” ብላ አጠገቧ አስቀመጠችውና በአሥር ጣት መጻፍ አስተማረችው። ባሏ የሞተ ጊዜ ከሬሳው ኋላ እየደገፈ የወሰዳት እሱ ነበር፤ ልጇ ትምህርት ቤት ስትገባም የመጀመሪያውን ቦርሳ የገዛላት እሱ ነው። እኅት የለኝም የሚል ሰው እኅት ያገኘው እዚያ ቢሮ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

የእትዬን ምስጢር የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነበር። ዓይኗ ከዳር ከዳር እየጠፋ መሄድ ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። “በበር ቁልፍ ቀዳዳ አሾልቆ እንደማየት ነው” አለችው አንድ ቀን፣ ሻይ እየጠጣች። ሐኪሙ ያለውን እናቆይ እንጂ የሄደው አይመለስም ብሏታል። ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ወረቀት ታነባለች፤ እጇ የት እንዳለ ግን አታይም። ለአለቆች ንገሪያቸው ቢላት፣ “ብነግራቸው ዓይኔን ሳይሆን ወንበሬን ነው የሚያክሙት። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፣ ልጅቷም ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። ሆድ ይፍጀው” አለችው።

እጇን ደግሞ ማየት አያስፈልጋትም ነበር። በማንኛውም የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቁልፎች ትንሽ ጉብታ አላቸው፤ የግራና የቀኝ ሌባ ጣት እዚያ ላይ ካረፈ ሌሎቹ ጣቶች ቦታቸውን ያውቃሉ። በእትዬ ሰሌዳ ላይ ያሉት ጉብታዎች ከጥቅም ብዛት ተፍቀው አልቀው ነበር። ዶክተር በሩን ዘግቶ ሁለቱ ቁልፎች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ሙጫ አንጠባጠበና አደረቀው። በየሦስት ወሩ ሲያልቅ “ዶክተር፣ መድኃኒቴ አለቀ” ትለዋለች፤ ሰው ቢሰማም የሚጠረጥረው ነገር የለም። እንዲህ እያደረጉ አንድ ደብዳቤ ሳይበላሽ ሦስት ዓመት አለፈ።

ጣጣው የመጣው ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ኤግዚቢሽን ሲመለስ ነው። ዶክተርን አስጠራውና ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀጭን ላፕቶፕ አስቀመጠለት። ሲከፍተው ቁልፎች መኖር በሚገባቸው ቦታ ሌላ ስክሪን ተኝቷል። ላይ ስክሪን፣ ታች ስክሪን። መጻፍ ሲፈለግ የታችኛው መስታወት ላይ የፊደል ሥዕል ብቅ ይላል። ወደ ኋላ ሲታጠፍ ታብሌት ይሆናል፣ ሲያቆሙት እንደ ድንኳን ይቆማል፣ በጎኑ ሲይዙት መጽሐፍ ይመስላል።

“ለሦስት ሳምንት ናሙና ነው የሰጡን” አለ ሥራ አስኪያጁ። “ፈትሸው። ጥሩ ከሆነ የቢሮውን ኮምፒውተር ሁሉ በዚህ እንቀይራለን። ያንተ ሪፖርት ነው የሚወስነው።”

ዶክተር ሃያ ጥያቄ ያለው የግምገማ ቅጽ ተቀብሎ ወጣ። ዕቃው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አሰኘው። ላይ ውሉን ከፍቶ ታች ሠንጠረዡን እያየ መሥራት እንዴት እንደሚያቀል ለሚስቱ ሳይቀር አወራላት። ለስብሰባ የሚዞሩ ሰዎች ሁለት ማሽን መሸከም ይቀርላቸዋል። ጉድለቱንም አልደበቀም፤ ሁለቱም ስክሪን ሲበራ ባትሪው ከምሳ ሰዓት አያልፍም፣ ጭን ላይ ሲቀመጥ ይፋጃል፣ ማጠፊያውም ብዙ ዓመት የሚቆይ አልመሰለውም። ይህን ሁሉ ጻፈ። ከዚያ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ደረሰ፤ “ለጽሕፈት ሥራ ይስማማል?” ይላል።

በእትዬ ሥር ያሉት ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች ሞከሩት፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ስልካቸው ለመዱት። በመጨረሻ ወደ እትዬ ወሰደው። እጆቿን መስታወቱ ላይ ዘርግታ ወዲያና ወዲህ ዳበሰች። ምንም የሚይዝ ነገር የለም።

“ሳሙና ላይ እየጻፍኩ ነው እንዴ?” አለች።

“ዝም ብለሽ ጻፊ። ሰላም በይ።”

ጻፈች። ሁለቱም እጆቿ አንድ አንድ ፊደል ወደ ቀኝ ተንሸራተው ነበርና በላይኛው ስክሪን ላይ የወጣው “ድር፤ስ፣” የሚል ነው። ዶክተር አነበበላት።

“ድር ነው የሚለው?” ሳቀች። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይሄኛው ግን እኔን ነው የሚያስረኝ።” ሳቋ ቶሎ አለቀ። እጆቿን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ነገር አታወሳስብም። “አይስማማም ብለህ ጻፋ” አለችው።

“ለምን ቢሉኝስ? ሁለቱ ልጆች ለምደውታል። እውነቱ ይስማማል ነው። የማይስማማው ለእሷ ብቻ ነው፣ ለምን እንደማይስማማት ደግሞ መናገር አልችልም።”

“እንግዲያው ዋሽ።”

መዋሸቱ አንገሸገሸው፤ እትዬን መጉዳቱ ደግሞ ከዚያ ይብስ ነበር። ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣ። በሦስተኛው ቀን መፍትሔው ከኪሱ ወጣ። የታችኛው መስታወት ላይ፣ የፊደሎቹ ሥዕል በሚወጣበት ቦታ ለክቶ፣ ሁለት ጠብታ ሙጫ አንጠባጠበ። ሲደርቅ ለእትዬ ወሰደላት። ጣቶቿ ጠብታዎቹን አገኟቸውና ቆሙ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት የነገራትን ደብዳቤ ከራስጌ እስከ ግርጌ ጻፈችው፤ አንድ ስሕተት አልነበረበትም። ዶክተር ከደስታው ብዛት ወንበር ስቶ መሬት ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። ሳይዋሽም፣ እኅቱን ሳይጎዳም ተገላገለ ማለት ነው። በአሥራ አራተኛው ጥያቄ ሥር “በዋና ጸሐፊዋ ተሞክሮ በጣም ይስማማል” ብሎ ጻፈና ፈረመ። ብልጠቱ ለራሱም ሳይገርመው አልቀረም።

የግምገማው ስብሰባ ቀን አዳራሹ ውስጥ አምስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን አንብቦ አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ። “ልምድ ያላቸው ሠራተኞቻችን እንኳ ወደውታል። እትዬ፣ እባክዎ ይምጡና ያሳዩን።”

እትዬ ኮሌታዋን አስተካክላ ተነሣች። አልፈራችም። ዶክተርም አልፈራም። የላፕቶፑ አቅራቢ ወኪል፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት፣ ማሽኑን ከቦርሳዋ አውጥታ እትዬ ፊት አስቀመጠችና ወደ ዶክተር ጎንበስ ብላ፣ “ጠዋት ወስጄ በደንብ ወለወልኩት” አለችው ቀስ ብላ። “ታችኛው ስክሪን ላይ ሙጫ ነገር ጠብ ብሎበት ነበር፤ በጥፍሬ አነሣሁት። ይቅርታ፣ ከእኛ ጋ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።”

ዶክተር ብድግ አለ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው። “አንድ ነገር…” አለ። ምን ይበል? ሙጫው ይመለስ ቢል፣ ሙጫው ለምን አስፈለገ ይሉታል። እትዬ ድምፁን ሰምታ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች፤ ጣቶቿ መስታወቱን ዳብሰው ባዶ መሆኑን አውቀውታል። ራሷን በጣም በትንሹ ነቀነቀች። አትናገር ማለቷ ነበር።

“ብርሃኑ… የስክሪኑ ብርሃን በዝቷል ልል ነው” አለና ተቀመጠ።

እትዬ ጻፈች። በግድግዳው ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ትልቅ ስክሪን ላይ፣ “ድር፤ስ፣” የሚል ጽሑፍ ወጣ። ማንም አልሳቀም። አንዴ ደገመችው፤ አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ዝብርቅ ወጣ።

“እጄ አርጅቷል መሰለኝ” አለች።

“አይጨነቁ እትዬ” አለ ሥራ አስኪያጁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ሐዘኔታ ነበር። ያ ሐዘኔታ ነው ዶክተርን ከስድብ ይበልጥ የቆረጠው።

ማሽኖቹ እንዲገዙ ተወሰነ። በማግሥቱ ዶክተር ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። “ለእትዬ ብቻ የድሮውን ቁልፍ ሰሌዳ ብንሰካላትስ?”

“አንተው አይደለህ እንዴ በጣም ይስማማል ብለህ የፈረምከው? ለአንድ ሰው ተለይቶ ለምን? ምክንያቱን ንገረኝና ላስብበት።”

ዶክተር ምክንያቱን ያውቀዋል። ሃያ ዓመት የተመካበት ፊርማው ወረቀቱ ግርጌ ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

“አይዞህ፣ አስቤላቸዋለሁ” አለ ሥራ አስኪያጁ። “በዚህ ዕድሜያቸው ለምን ይንገላታሉ? መዝገብ ቤት እናዛውራቸው። ቀላል ሥራ ነው፤ ፋይል ማውጣትና መመለስ ብቻ።”

የዝውውሩን ደብዳቤ ያረቀቀው ሥራ አስኪያጁ፣ የጻፈችው ግን እትዬ ራሷ ናት፤ አሮጌው ሰሌዳ ገና አልተነቀለም ነበር። እሱ እየነገራት በአሥር ጣቷ ጻፈችው። “ሥራው ለዓይንም ለእጅም የማያደክም በመሆኑ” የሚለው ቦታ ላይ እንኳ ጣቷ አልተሳሳተም።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ካሉት ሦስት አምፖሎች አንዱ ተቃጥሏል። ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደሩት መደርደሪያዎች ላይ ሁሉም ግራጫ የሆኑ ፋይሎች ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ ቁጥራቸው በቀጭን እስክሪብቶ ተጽፏል። ዶክተር በመጀመሪያው ቀን ወርዶ ሲያያት አንዱ መደርደሪያ ሥር ቆማ፣ አፍንጫዋን ፋይሎቹ ላይ አስጠግታ፣ አንድ በአንድ ታነብ ነበር። የተጠየቀችውን ፋይል መፈለግ ከጀመረች አንድ ሰዓት አልፏታል። ከፍተኛው መደርደሪያ ጋ ደግሞ መሰላል ተደግፏል።

አምፖሉን ቀየረላት። ብርሃኑ በዛ፤ የእትዬ የቁልፍ ቀዳዳ ግን አልሰፋም። ሌላ የሚያደርገው ነገር ጠፋው፤ ሳያውቀው እጁ ጋወኑ ኪስ ገብቶ የሙጫውን ቱቦ ይዟል። ክዳኑ ሲላቀቅ ጠቅ አለ።

እትዬ ያንን ድምፅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች። ፊቷን ከፋይሎቹ ሳታነሣ ፈገግ አለች።

“ዶክተር” አለችው፣ “ለዚህስ ስንት ጠብታ ልታዝልኝ ነው?”

ዶክተር ከመጀመሪያው መደርደሪያ እስከ መጨረሻው ድረስ አየ። ከዚያ ቱቦውን ከደነና ያልተገኘውን ፋይል ከግራ በኩል መፈለግ ጀመረ። ላይ ደግሞ አሥራ ሁለት አዳዲስ ማሽኖች ይጠብቁታል፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ መቆየት አይችልም።