ስፌቱ በየት በኩል ነው?

በእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ የሚጠበቅ ነገር ቢኖር ውጭ መቀመጥ ነው። እኔ ግን ገባሁ። ልጄ ቢቸና ነው ትዳሯ፤ እኔና እናቷ ሞጣ ነን። ባሏ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዶ ስለነበር ልጠይቃት በሄድኩበት ሳምንት የክትትል ቀጠሮዋ ደረሰና ዘንቢል ያዥ ሆኜ ተከተልኳት። አዋላጇ ነርስ "አባባ፣ ይግቡ፣ ወንበር አለ" አለችኝ። ወንበር አለ ከተባልኩ እኔ የትም እገባለሁ።

ልጄ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው እንደ አገሩ ልማድ እኛ ዘንድ መጥታ ሞጣ ነው። ልጁ በመቀመጫው መጥቶ ኖሮ በኦፕራሲዮን ወጣ። አሁን ሦስት ዓመት ሆኖታል። ይሄኛውን ግን በምጥ ነው የምወልደው ብላለች።

"ለምን ፈለግሽ?" አለቻት ነርሷ።

"ያኔ ልጄን ሰው ሁሉ አቅፎ ሲጨርስ ነው እኔ ያቀፍኩት። ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ስንት ሳምንት ከአልጋው እያነሡ ይሰጡኝ ነበር። ደግሞ ልጅ ገና እፈልጋለሁ። በየጊዜው ልከፈት ነው?"

ነርሷ አልተቃወመችም። "ያለፈው ምክንያት የልጁ አመጣጥ ከነበረ፣ ይሄኛው ደግሞ በጭንቅላቱ ከመጣ፣ ይሞከራል። እዚህ ጤና ጣቢያ ግን አይደለም፤ ቢያስፈልግ ወዲያው ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል መሆን አለበት። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለብን። ማህፀንሽ የተቀደደው በየት በኩል ነው?"

ጥያቄው ለእኔ አልነበረም። "በአግድም ነው!" አልኩ። "እናቷ ስታጥባት አይታዋለች።"

"እሱ የቆዳው ነው አባባ። ቆዳው በአግድም ተቀድዶ ውስጡ ቁልቁል ሊሆን ይችላል። ቁልቁል ከሆነ ምጡ ሲገፋ ስፌቱ ሊተረተር ይችላል፤ ለእሷም ለልጁም አደጋ ነው። ከታች በኩል በአግድም ከሆነ ግን እንሞክራለን። ካልታወቀ ሐኪሞቹ አይደፍሩም፣ በቀጥታ ወደ ኦፕራሲዮን ነው የምትገባው። ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣት ወረቀት ላይ ተጽፏል። የት አለ?"

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። "አባዬ ጋ ነው።"

ዕድሜዬን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ። በዚህ ምክንያት የቤተሰቡ ወረቀት ሁሉ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። "በደንብ አስቀምጬዋለሁ" አልኩ። አንድን ነገር እንዲሁ ከጣልኩት አገኘዋለሁ፤ በደንብ ያስቀመጥኩት ግን ተመልሶ አያውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ነገሩን ለራሴ ለማስረዳት ሞከርኩ። "የጤፍ ማዳበሪያ ብለሽ ውሰጂው" አልኳት። "አፉ ላይ የተሰፋ እንደሆነ ጭነቱን ይችላል፤ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተቀድዶ የተሰፋ እንደሆነ ግን..."

"አባዬ! ማዳበሪያ አደረጉኝ?"

"ለምሳሌ ያህል ነው።"

"ምሳሌዎትን ለእማዬ ይንገሯት።"

ለእናቷ አልነገርኩም። የቀሩኝ ጥርሶች ጥቂት ናቸው፤ እፈልጋቸዋለሁ።

መንገዱ ክፍት ነው የተባለበትን ቀን ጠብቄ በሚኒባስ ወደ ሞጣ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ቀኝ እጄን አንዴ በአግድም አንዴ ቁልቁል ሆዴ ላይ እያስኬድኩ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳጠና፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት "ሆድዎን አመመዎት እንዴ አባቴ?" አለችና ሎሚ ሰጠችኝ። አይ፣ ማህፀን እያጠናሁ ነው አይባል ነገር፤ ሎሚውን መጠጥኩ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ነገሩን በስልክ ሰምታ ጠበቀችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ለሙከራ ነው የምትልክብኝ? 'ይሞከራል' ማለት ምን ማለት ነው? ጫማ ነው የሚሞከር? ሐኪሙ እንዳለፈው በሰዓቱ ቀዶ ያውጣላትና ልጄን በሕይወቷ ልያት።"

እውነቷን ነው አልኩ በልቤ። ቢቸና ሳለሁ ልጄን እውነቷን ነው ብያት ነበር። በማግስቱ አማቼ ከሄደበት ደውሎ "ሐኪም ያለውን መስማት ነው" ሲለኝ፣ እሱም እውነቱን ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ከተናገረው ሰው ጋር ነኝ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ሣጥኑን ገለበጥኩት። የልጆቼ የትምህርት ማስረጃ አለ። የቤቱ ካርታ አለ። ከሞተች ስንት ዘመን የሆናት በቅሎዬ የክትባት ወረቀት እንኳ ተጣጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የልጄ ወረቀት የለም።

"የበቅሎዋንስ አሳምረህ ይዘኸዋል" አለች ሚስቴ።

የቀረኝ ሆስፒታሉ ነበር። እነሱ ዘንድ ፋይሏ ይኖራል። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሒጃብ የለበሰች ወጣት አገኘሁ። አያቷ ገበያው ላይ ነጋዴ ነበሩ፤ የሠርጌን ኮት ጨርቅ የገዛሁት ከእሳቸው ሱቅ ነው። ይህን ነግሬያት ከተሳሳቅን በኋላ የልጄን ስም፣ የእኔንና የአባቴን ስም፣ የወለደችበትንም ቀን ነገርኳት። መዝገቡን አወጣች። ጣቷ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ተመልሶ ወጣ፤ እንደገና ወረደ።

"የሉም አባባ።"

"እንዴት ይሆናል? ደግመሽ እዪው።"

"በዚያ ቀን በኦፕራሲዮን የወለዱት ሁለት ናቸው። ሁለቱም የእርስዎ ልጅ አይደሉም። እዚህ መውለዷን እርግጠኛ ነዎት?"

እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ፋይል ከጠፋ ጥፋቱ የባለጉዳዩ ነበር። "ስምህን አስተካክለህ ሳትሰጥ እኔን ምን ታደርገኛለህ" እያልኩ ስንቱን ከመስኮቴ መልሻለሁ። አሁን ባለጉዳይ ስሆን ጥፋቱ በአንድ ጊዜ የመዝገብ ቤቱ ሆነ። "ልጄ፣ እኔም እንዳንቺው መዝገብ ቤት ነው ያረጀሁት፤ ፋይል በሥርዓት ካልተያዘ..." ብዬ ጀመርኩ። ዝም ብላ አዳመጠችኝ፤ ያሳደጓት ሰዎች ጥሩ ናቸው። ስጨርስ "የአልጋ ቁጥርም ቢሆን፣ ሌላም ምልክት ካለ ጠይቀው ይምጡ" አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆሜ ልጄ ዘንድ ደወልኩ። ምልክት ስጪኝ አልኳት። ዝም አለች፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እያልኩ ጮህኩ።

"አለሁ አባዬ። አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይስቁብኝ።"

"እኔ ከራሴ ተርፌ በማን እስቃለሁ?"

"ያን ቀን ሊያስተኙኝ ሲሉ ሐኪሙ በክርስትና ስሜ ጠራኝ። ደጋግሞ። የሞትኩ ነው የመሰለኝ። የሚጠሩኝ ካህናት ናቸው ብዬ፣ ይሄው ፍታቱ ደረሰ አልኩ። ከነቃሁም በኋላ ነርሷ በዚያው ስም ስትጠራኝ ገና ያልተመለስኩ መሰለኝ። አበደች እንዳትሉኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።"

እኔም አልሳቅሁም። ያን ጠዋት ምን እንዳደረግሁ ዛፉ ሥር ቆሜ አንድ በአንድ መጣልኝ። ሐኪሙ ልጁ በመቀመጫው ነው፣ ኦፕራሲዮን ነው ሲል እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሮጥኩት። የንስሐ አባቷን አገኘኋቸውና በጸሎት ያስቧት ዘንድ ለመንኳቸው። "ስመ ጥምቀቷ ማን ነው?" አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ስመለስ መንገዱን ሙሉ እግዚኦ እያልኩ ያንኑ ስም ስደጋግም መጣሁ። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ደርሼ፣ ያኔ የነበረው ሰውዬ "ስም?" ሲለኝ አፌ ውስጥ ያለውን ሰጠሁት። የአባት ስም ሲለኝ ደግሞ የራሴን የክርስትና ስም ጨመርኩለት። ይህም ሳይበቃኝ አንገቴን አስግጌ፣ ፊደል ሲሳሳት አርሜዋለሁ! ዕድሜ ልኬን የሰው ስም ሳጣራ ኖሬ፣ የገዛ ልጄን ማንም በማያውቃት ስም መዝግቤ፣ በሕይወቷ ሳለች ፍታት የተደረገላት እንዲመስላት አደረግሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ ዝም ብላለች።

"የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ" አልኳት።

"ምኑ?"

"ካህናቱ።"

ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ የምታለቅስ መሰለኝ። የትኛው እንደሆነ በስልክ አይለይም።

መስኮቱ ጋ ተመልሼ ለወጣቷ ኃጢአቴን ተናዘዝኩ። የክርስትና ስም ለሁሉ አይነገርምና ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኳት። "እኛ ቤት ለአንድ ሰው አንድ ስም ነው ያለው አባባ፤ በዚህ በኩል አርፈናል" ብላ እየሳቀች ገባች። ፋይሉ ወዲያው ወጣ። የእሷ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ ስትል ሽፋኑ ላይ የስልክ ቁጥር አየች። ደወለችበት፤ ኪሴ ውስጥ ጮኸ።

ፋይሉን ይዛ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ሐኪም ወሰደችኝ፤ እሱም የኦፕራሲዮኑን ገጽ አነበበው። ልጅ እግር ነው፤ እኔ ግን ሲያነብ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቆሜ ጠበቅሁት።

"ከታች በኩል ነው የተቀደደው፤ በአግድም።"

"አግድም ማለት እንዲህ?" አልኩ እጄን ዘርግቼ። ከሚኒባሱ ጀምሬ ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ ኖሮ እጄን ቁልቁል ነው ያወረድኩት። ሐኪሙ እጄን ይዞ አዞረልኝ። "እንዲህ።"

ከዚያ ዕቅዱን ነገረኝ። መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ሊሆን ስለሚችል ዘጠነኛው ወር እንደገባ ልጄ ሞጣ ትምጣ። ልጁ በጭንቅላቱ ይምጣ። ምጡ በራሱ ይጀምር። የልጁ የልብ ምት ከተዛባ ወይም ምጡ ካልገፋ ወዲያው ኦፕራሲዮን ነው። "እንሞክራለን ማለት አንከፍታትም ማለት አይደለም" አለኝ። እሺ አልኩ። ደጅ ስወጣ፣ እሺ ያልኩት ለየትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።

ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት። "እሷ ምን አለች?" አለችኝ።

"በምጥ እወልዳለሁ ነው የምትለው።"

"እንግዲያው ተነሥ፣ አልጋውን ወደ በሩ እናስጠጋው። ሲመጣባት ሩቅ እንዳትራመድ" አለች።

ልጄ በዘጠነኛው ወር መጀመሪያ መጣች። ምጡ የጀመራት አንድ ማለዳ ነው፤ ባጃጅ ጠርተን ሦስታችንም ገባን። እሷን ወደ ውስጥ ወሰዷት። እኔና ሚስቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ስትጮህ ሚስቴ "ይሄው፣ ያልኩህን!" ትለኛለች፤ ዝም ስትል ደግሞ "ለምን ዝም አለች?" ብላ ትጠይቀኛለች።

ቀትር ላይ ሐኪሙ ብቅ አለ። ምጡ ትንሽ ዘግይቷል፣ የልጁ ልብ ግን ደህና ነው፤ የኦፕራሲዮኑ ክፍል ተዘጋጅቷል አለን። እሷን ሲጠይቃት "ትንሽ ጠብቁኝ" ብላዋለች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ቢሆንም "ጠብቋት" አልኩ። በሩ ሳይዘጋ "ኧረ አትጠብቋት!" አልኩ። ሐኪሙ የቱን እንደሰማ አላውቅም። እሷን እንደሰማ ግን ቆይቶ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ሚስቴ እጄን ያዘችኝ። በአደባባይ እጄን ይዛኝ አታውቅምና ይህ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ።

ጥላው ወደ ማዶ ሲዞር አዋላጇ በሩን ከፈተች። "እንኳን ደስ አላችሁ! ማርያም ምራታለች። ሴት ናት።"

"በየት በኩል?" አልኩ ተነሥቼ።

"በበሩ ነዋ አባባ! በየት ልትመጣ ኖሯል?"

ሚስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ያን ሰሞን "ቀዶ ያውጣላት" ስትል የነበረችው እሷ አልመሰለችም። እኔ ግን ደስ ይበለኝ፣ ልፍራ፣ ላልቅስ አላውቅም፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስፌቱን እያዩት ነው፣ ደሟን እየተከታተሉ ነው፣ ደህና ናት፣ ቆዩ አሉን። ቆየን።

በማግስቱ ጠዋት አጥሚት የያዘ ፔርሙስ ይዤ ስመጣ ልጄ አልጋዋ ላይ አልነበረችም። አልጋው ባዶ ሆኖ ሳየው ፔርሙሱን እንደያዝኩ ልፈልጋት ወጣሁ። ኮሪደሩን ዞሬ ስመለስ ከወዲያ ጫፍ በነጠላ የተጠቀለለች ሕፃን ታቅፋ፣ ቀስ እያለች፣ በራሷ እግር ስትመጣ አየኋት። ተንደርድሬ ልቀበላት ሲገባኝ ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ።

"ምን ሆኑ አባዬ?"

"ምንም። ቆሜ ነው።"

"ቆመው አይደለም፤ ሊወድቁ ነው" አለችና ሕፃኗን ወደ ግራ ክንዷ አዛውራ በቀኟ ደገፈችኝ። ወደ አልጋዋ መራችኝ። እኔን አስቀምጣ፣ ፔርሙሱን ከእጄ ወስዳ፣ አጥሚቱን ራሷ ቀድታ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠችኝ። ያየችን ነርስ በበሩ በኩል አንገቷን አስግጋ "የወለደው ማነው?" አለች።

ጠጣሁት። ምን ላድርግ።