ሊብሬው ላይ የተጻፈው

ባሌ ፒክአፗን ሲገዛ እሱም እኔም የኬንያ ወረቀት አልነበረንም። ናይሮቢ የምንኖር ሐበሾች ያኔ መኪናም ሆነ ሱቅ ስናወጣ ወረቀት ባለው ዘመድ ስም እናስጽፍ ነበር። እኛም ሊብሬውን በትልቁ ልጃችን ስም አስወጣን። እሱ እዚሁ አግብቶ ዜግነት አግኝቶ ነበር። ማንም አላስገደደን፤ እንዲያውም ልጅ ስላለን ዕድለኞች ነን ብለን ነበር።

ባሌ ሲሞት መኪናዋ ተበላሽታ ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር ቆማ ነበር። እዚያው ስምንት ዓመት ቀረች። ዶሮዎቼ ካሶኒው ውስጥ እንቁላል ይጥሉ ነበር። ትልቁ ልጄ እሁድ እሁድ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከላቪንግተን ሲመጣ የራሱን መኪና ጎኗ ያቆማል እንጂ ዞር ብሎ አይቷት አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ታናሽ እህቱ ትዳሯ ፈርሶ ሁለት ልጆቿን ይዛ እኔ ጋ ስትመጣ ነው። ከገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየገዛች ዌስትላንድስ ላሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ታደርሳለች። የምትጭነው በኪራይ ነው፤ ሾፌሩ የቀረ ቀን ቲማቲሙ እጇ ላይ ይበሰብሳል። አንድ ጠዋት የፒክአፗን ኮፈን ከፍታ ስታይ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ይቺን አስነስቼ ብሠራባትስ?»

«ካስነሳሻት ያንቺ ናት» አልኳት።

ጋራዥ ለማስገባት አቅም ስላልነበረን እዚያው ግቢ ውስጥ ተሠራች። ሰፈራችን መንገድ ዳር የሚሠራ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያሳያታል፤ እሷ ደግሞ ያየችውን ሳምንቱን ሙሉ ትሞክራለች። ከውሃ ቧንቧ ባቆመችው ሦስት እግር ላይ ሰንሰለት አስራ ሞተሩን አወረደችው። በተነችው። ቡሎኖቹን በየጣሳው ለያይታ ጣሳው ላይ ጻፈችበት። ስትገጥመው አልነሳ አለ፤ እንደገና አውርዳ በተነችው። የእጇ ጥቁረት ለእሁድ ቅዳሴ እንኳ አይለቅም ነበር። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ዝገት ለመፈግፈግ ግን ትምህርት አያስፈልግም። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ የወንበሩን ልብስ ሰፋሁ። በሮቹን ግሮጋን ሰፈር ካሉት አሮጌ ዕቃ ሻጮች ገዛቻቸው፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ። ሁለት ዓመት ፈጀ።

የተነሳች ቀን ልጄ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ቆየች። ሽማግሌው በስዋሂሊ «ይቺ ሴትዮ እንጀራዬን ልትቀማኝ ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

መንገድ ላይ ለመውጣት ሊብሬው ወደ እሷ ስም መዞር ነበረበት። ትልቁን ልጄን ጠራሁት። መጥቶ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት።

«እማዬ፣ ይቺ እኮ ቪንቴጅ ናት፤ ባረጀች ቁጥር የምትወደድ። ሩንዳ ሰፈር እንዲህ ዓይነት የሚፈልግ ሰው አውቃለሁ።»

«የእህትህ ናት። ስሙን አዙርላት፤ አሁን እሷም ወረቀት አላት።»

«በኔ ስም ያለች መኪና ሰው ብትገጭ የምከሰሰው እኔ ነኝ።»

«ስሙን ካዞርክላት እሷ ትከሰሳለች።»

«ኧረ እማዬ፣ ቢ ሪያሊስቲክ። ለሷ ቱክቱክ፣ ባጃጅ እገዛላታለሁ።»

እህቱ አጠገቡ ቆማለች። አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላያትም። ያኔ ነው ደሜ የፈላው።

«ሊብሬውን አሳየኝ» አልኩት። ስልኩ ላይ አወጣው። «ምን ይላል? አንብብልኝ።»

«የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር…»

«በር ይላል?»

«አትቀልጂ እንጂ።»

«ወንበር ይላል? ጎማ ይላል? መስታወት? ቅዳሜ መጥተህ የተጻፈልህን ውሰድ። ያልተጻፈው የሷ ነው።»

እሱ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት «ተዪው እማዬ» አለችኝ። «ሙሉዋን ይውሰዳት። ቢያንስ በራሷ ተነድታ ስትወጣ ልያት።»

«በነፃ የሠራሽለት ባሪያው ነሽ?» ብያት የቡሎን መፍቻ ቁልፍ ይዤ የግራውን በር መፍታት ጀመርኩ። እጄ እየሳተ የቡሎኑን ራስ ላጥኩት። ቆማ አየችኝ፣ አየችኝና «ተነሺ፣ ታበላሺዋለሽ» ብላ ቁልፉን ተቀበለችኝ። የገጠመችውን ሁሉ ራሷ ፈታችው። በሮቹን፣ ወንበሩን፣ የፊት መስታወቱን፣ ካሶኒውን ሳይቀር። ሞተሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄስ?»

«እሱ ቁጥሩ ተጽፏል» አልኳት።

«እማዬ፣ እኔ የሠራሁት እኮ እሱን ነው። በርማ ማንም ይገዛል።»

ፍርዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለምወዳት ልጅ ስል ብለውጠው፣ ወረቀት አለኝ ብሎ ከሚቀማው በምን እለያለሁ አልኩ። ሞተሩ አይነካም አልኩ።

ወንድሟ መጎተቻ መኪና ይዞ መጣ። ይናደዳል ብዬ ነበር፤ አልተናደደም። «በር ሞልቷል። ሞተሩ ደህና ነው አይደል?» አላት።

«ደህና ነው። ዘይቱን ቶሎ ቶሎ እይለት» አለችው።

አሁን እንደ ድሮዋ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ የኪራይ ሾፌር ትጠብቃለች። አልተጣላንም። ሻይ ታቀርብልኛለች፣ መድኃኒቴን ታስታውሰኛለች። ስለ መኪናዋ ግን አንድ ቃል አንስታ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ግድግዳ ላይ የተደገፉትን በሮች አይቶ ሊገዛ ገባ። «የእናቴ ናቸው፣ እሷን ጠይቅ» ስትለው ከመስኮት ሰማሁ። ወጥቼ «የሷ ናቸው» አልኩት። እሷ ሽንኩርቷን መልቀም ቀጠለች፤ ቀና አላለችም። ሰውዬው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየና «ስትስማሙ ትጠሩኛላችሁ» ብሎ ወጣ።