ከጣና ሞላሌ የመጣው የጀልባ መሪ

ኅዳር ነበር፤ ገብሱ ታጭዶ አላለቀም። ሞላሌ ገበያ ዳር ባለችው የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ቁጭ ብዬ የአንድ ገበሬ ቴፕ ስፈታ፣ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ደጃፌ ላይ ቆመ።

«የባሕረኛው ቤት ይኼ ነው?» አለ።

ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው የሚጠይቀኝ። ድምፁን ስሰማ መፍቻውን ጥዬ ተነሣሁ። ባሕር ኃይል ሳለን አንድ መርከብ ላይ ነበርን፤ እሱ መሪ ይይዛል፣ እኔ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቹን እጠግናለሁ። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን።

መንግሥት ሲለወጥ ሁለታችንም አሰብ ነበርን። መርከቦቹ ሄዱ፣ እኛ ቀረን። የአፋርን በረሃ አንድ ኮዳ ውኃ እየተካፈልን በእግር አቋርጠን፣ ባቲ ላይ ተለያየን። እሱ ዘመድ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር ሄደ፤ እኔ መንዝ፣ እናቴ ቤት ገባሁ። አሰብ ላይ ላገባት ያሰብኳት ልጅ ነበረች፤ እሷ እዚያው ቀረች፣ ቆይቶም አገሩ ሌላ አገር ሆነ። የአገሬ ሰው ደግ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ማዕበል ስነግራቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኝና ወደ በጎቻቸውና ወደ ገብሳቸው ይመለሱ ነበር። እኔም ማውራቱን ተውኩት። «ባሕረኛው» የሚለው ስም ብቻ ቀረ።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አልኩት።

«አውቶፓይለት። የጀልባዬ ነው።»

ጣና ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ የአንድ ነጋዴ አሮጌ የሞተር ጀልባ ይነዳል። ጀልባው ሲገዛ ጀምሮ ያለበት ይህ መሣሪያ፣ አቅጣጫውን አንዴ ከሰጡት መሪውን ራሱ እያዞረ ቀጥ አድርጎ ይወስዳል።

«አሁን ወደ ግራ ብቻ ይጎትተኛል» አለኝ። «ያሳየኋቸው ሁሉ ‹ያረጀ ነው፣ ጣለው› አሉኝ። አንተ ግን የመርከባችንን ስትፈታ አይቻለሁ።»

እናቴ የበግ ጠጉር ባና አንጥፋ አስተኛችው። በማግስቱ ሳጥኑን ከፈትኩት። እርጥበት የበላው ሽቦ አረንጓዴ ዝጎ ነበር። መሪውን ወደ ግራ የሚያዞረው ሪሌይ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ቁልፍ፣ ምላሱ ተቃጥሎ ተጣብቋል፤ ስለዚህ ባዘዙትም ባላዘዙትም ወደ ግራ ይስባል። እንዲህ ያለ ሪሌይ ከፋብሪካ መውጣቱ ከቀረ ቆይቷል። የግራውንም የቀኙንም ነቅዬ በጭነት መኪና የጡሩምባ ሪሌይ ተካኋቸው። በደረቁት ካፓሲተሮች ምትክ ደግሞ ባለቤቶቻቸው ከረሷቸው ሬዲዮዎች አውጥቼ ገጠምኩ። ስሠራ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ መልሕቅ፣ ስለ ቀይ ባሕር ሙቀት፣ ስለ አለቃችን ቁጣ ያወራል። ለዓመታት እንደዚያ አልሳቅኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራው ቶሎ እንዳያልቅ አንዱን ሽቦ ሁለቴ በየድኩት።

መሣሪያው ሲያልቅ መሞከር ነበረብን። ጀልባ የለ፣ ውኃ የለ። አቅጣጫ የሚነግረው የመሣሪያው ኮምፓስ ብረት እንዳይቀርበው ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወጣን። በርጩማ ላይ ሳንቃ አጋድሜ ኮምፓሱን መሐሉ ላይ አሰርኩና ሽቦውን ራቅ ካለው የመኪና ባትሪና መሪውን ከሚያዞረው ትንሽ ሞተር ጋር አገናኘሁ። ሳንቃውን ወደ ቀኝ ሳዞረው ሞተሩ ወደ ግራ ዞረ። ወደ ግራ ሳዞረው ወደ ቀኝ ዞረ። ልቤ ዘለለች።

«አንተ ቁጥሩን እያነበብክ ንገረኝ፣ እኔ ሞተሩ ጋ ልሁን» አልኩት።

ጎንበስ አለ። «ዘጠና ዲግሪ» አለኝ።

ሳንቃውን ያቆምኩት ወደ ምዕራብ ነበር። ተመልሼ አየሁ፤ ሁለት መቶ ሰባ ይላል። ሳንቃውን አዞርኩትና «አሁንስ?» አልኩ።

ፊቱን ኮምፓሱ ላይ ሊያስነካው ደረሰ። «መቶ… መቶ ሃያ አካባቢ» አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኑን አሸ። በጨለማ ባሕር ላይ የመርከብ መብራት ከሁላችን ቀድሞ የሚያይ ሰው ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከካቻምና። መጀመሪያ ጭጋግ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም አለኝ።» ሣሩ ላይ ተቀመጠ። «አቅጣጫውን ይኼ ከያዘልኝ የጀልባዬን ሞተር በጆሮዬ አውቀዋለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም፣ ወንድሜ።»

«አቅጣጫ ይይዛል እንጂ አያይም እኮ! ከፊትህ ታንኳ ቢኖርስ?»

«አንተ ጋ የመጣሁትስ ለምን ይመስልሃል? ና አብረን እንሥራ። አንተ ታያለህ፣ እኔ እነዳለሁ። እዚህ ምን አለህ?»

እናቴ የገብስ ነዶ ተሸክማ ጎንበስ ብላ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ታየችኝ። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። መሄድ ፈልጌ ነበር፤ በጣም ፈልጌ ነበር።

«እሷን ጥዬ አልሄድም» አልኩት። «መሣሪያውን መጥቼ እገጥምልሃለሁ። ግን ስለ ዓይንህ ለጀልባው ባለቤት ትነግረዋለህ። አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «በረሃ ላይ የመጨረሻዋን ጉንጭ ውኃ የሰጠሁህ ለዚህ ነው?»

መሣሪያውን መልሼ በጆንያው ጠቀለልኩ። በጣርማበር አድርገን ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር እስክንገባ ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ፊቱን ከመስኮቱ አልመለሰም።

ባሕር ዳር እንደደረስን መሣሪያውን ገጠምኩ። ጓደኛዬ ገና ምንም ያልነገረው ነጋዴ ራሱ ልየው ብሎ አብሮን ወጣ። ሐይቁ መሐል ስንደርስ ማብሪያውን ተጫንኩት፤ ጓደኛዬ እጁን ከመሪው አነሣ። መሪው ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ እያለ ቀጥ አድርጎ ወሰደን። ነጋዴው አጨበጨበ። ያን ጊዜ ነው እንጨት የጫነች የደንገል ሣር ታንኳ ከፊታችን ያየሁት። ቀዛፊው ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። ጓደኛዬን አየሁት። ዓይኑን ወደ ታንኳዋ አቅንቶ፣ መሣሪያው በመሥራቱ ፈገግ ብሏል። ማብሪያውን አጥፍቼ መሪውን ጠመዘዝኩት። ታንኳዋ በማዕበላችን እየተንገላታች አለፈች፤ ሰውዬው ሲራገም ይሰማናል።

«አላየኸውም እንዴ?» አለ ነጋዴው።

ጓደኛዬ መሪውን በእጁ ዳበሰ። «አላየሁትም» አለ። «ከካቻምና ጀምሮ አላይም።»

ነጋዴው አልተቆጣም፤ እዚያው ወደብ ላይ ዕቃ እንዲጠብቅ ለመነው። እሱ ግን ደሴ ወዳለችው እኅቱ ሄደ። መነኸሪያ ስንሰነባበት እጄን ፈልጎ ያዘና «ደግ አደረግክ» አለኝ። ከልቡ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም። ጀልባውን እንድነዳ ነጋዴው እኔን ጠይቆኝ ነበር፤ እናቴ ብቻዋን ናት፣ ውቂያም ደርሷል ብዬ ተመለስኩ።

ሞላሌ ስገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጎረቤቴ ባለሱቋ ሱቄን ስከፍት አይታ «ሐይቁ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

የጣና ውኃ ከባሕር የሚለየው በጠረኑ ነው፣ ጨው የለውም፣ ግን ጀልባው ሲነሣ ከእግርህ በታች ያለው ስሜት ያው ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀና ብላ «እዚያ ሽንኩርት ስንት ገባ?» አለችኝ።

«አልጠየቅኩም» አልኳትና ወደ ውስጥ ገባሁ።