አያ ይማም ተረት ያቆሙበት ዓመት

አንድም ቀን ሳልረግጠው የምሥራቁን ቆላ አብጠርጥሬ ያወቅኩት የመሰለኝ ልጅ ሳለሁ ነው። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ መርሳ ከተማ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። የወላጆቼ መንደር ከመኪና መንገድ ርቆ ሀብሩ ገጠር ውስጥ ስለሆነ፣ ስምንተኛን የጨረስን ልጆች ዱቄትና ሽሯችንን ተሸክመን ወደ ከተማ መውረድ ነበረብን። አብራኝ የወረደችው ዘሃራ ነበረች፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ፣ ከእኔ ይልቅ ቀልጣፋና የልቧን በልቧ መያዝ የምትችል።

ያከራዩን ሽማግሌ አያ ይማም ይባሉ ነበር። ሚስታቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው አንዱ ወልድያ፣ ሌሎቹ ራቅ ራቅ ብለው ኑሮ ይዘው፣ በግቢው ውስጥ ከፍየሎቻቸውና ከአንድ ያረጀ የብርቱካን ዛፍ በቀር አጫዋች አልነበራቸውም። እኛም ከእናት ቤት ገና መውጣታችን ነበርና ማታ ማታ ሆድ ይብሰን ነበር። በአንድ ግቢ ሦስት ብቸኞች ሆነን ተገናኘን፤ ያኔ ግን ነገሩን በስሙ የጠራው ማናችንም አልነበርንም።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ አያ ይማም ደጃፋቸው ላይ ሰሌን ያነጥፋሉ። መብራት የሚጠፋበት ምሽት ይበዛ ስለነበር ኩራዟን ድንጋይ ላይ ያኖሯታል፤ የግራር ፍልጥ ያነዳሉ፤ ፍሙ ሲበስል የማሽላ እሸት ይጠብሱልናል። እሸቱ እየተንጣጣ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ የኩራዟ ብርሃን በግማሽ ፊታቸው ላይ ብቻ እያረፈ፣ ረጋ ባለ ድምፃቸው ይጀምራሉ። በወጣትነታቸው ከግመል ነጋዴዎች ጋር ቆላውን አቋርጠው እስከ ባሕሩ ዳር ይመላለሱ ስለነበር፣ ተረታቸው ሁሉ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ነው። ጅቡም፣ ንጉሡም፣ ሙሽራዋም መጨረሻቸው ቆላ ነው። በእሳቸው ተረት ውስጥ ደግሞ ውሃ ጠይቆ የተከለከለ ሰው የለም።

«ነፋስና ጥላ ወንድምና እህት ነበሩ» ይሉን ነበር። «አባታቸው ሲሞት ነፋስ ሀብት ፍለጋ ቆላ ወረደ፤ ጥላ ተራራው ሥር ቀረች። ቆላው ዛፍ የለው፣ ቤት የለው፣ ነፋስ የሚያርፍበት አጣ። ይኸው እስተዛሬ ቀን ቀን እህቱን ፍለጋ ሽቅብ ይወጣል። ሲመሽ ጥላ ከጨለማው ጋር ትቀላቀልበታለች፤ መለየት ያቅተውና ቁልቁል ይመለሳል።»

አንድ ቀን የጂኦግራፊ መምህራችን፣ ቀጠን ያለ ወጣት ነበር፣ ሰሌዳው ላይ ተራራና ሜዳ ስሎ ቀስት ያሰምር ጀመር። ቀን የተራራው ወገብ በፀሐይ ሲሞቅ አየሩ ቀልሎ ሽቅብ እንደሚነፍስ፣ ማታ ደግሞ ቀዝቅዞና ከብዶ ቁልቁል እንደሚወርድ አስረዳን። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሌላ ጊዜ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር፤ ይሄኛው ግን አላመለጠኝም። ወደ ዘሃራ ጠጋ ብዬ «የአያ ይማም ነፋስ!» አልኳት። እሷም ገብቷት ኖሮ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ሁለታችንም ከክፍል ተባረርን። ደጅ ቆመን በሳቅ ስንፈርስ አቧራ ያዘለው ነፋስ ቀሚሳችንን ያርገበግበው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጂኦግራፊ የባዕድ ነገር መሆኑ ቀረልኝ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ተራራና ወንዝ ሁሉ አንድ ሽማግሌ በእግራቸው የሄዱበት አገር መሰለኝ።

ዘሃራ ግን አብራኝ ብታዳምጥም የምታዳምጠው ሌላ ነበር። እኔ «ከዚያስ ሙሽራዋ ምን ሆነች?» ስል፣ እሷ «አያ፣ ከዚያ ጉድጓድ በኋላ ውሃ የሚገኘው የት ነው ያሉን?» ትላለች። እኔ «ግመሉ ሞተ?» ስል፣ እሷ «ፀሐዩ ሲበረታ የት ታርፉ ነበር?» ትላለች። አያ ይማም ደስ ይላቸው ነበር።

«ይቺ ልጅ ነጋዴ ነው የሚወጣት፣ ወላሂ! እኔ የረሳሁትን ታስታውሰኛለች» ይላሉ።

ብርዱ አልፎ ፀሐይ መበርታት ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት ዘሃራ ሆዴን ቆረጠኝ ብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። ከሰዓት ስመለስ ክፍላችን ተጠርጓል። ልብሷ የለም። ዱቄቷን በእኔ ጆንያ ላይ ገልብጣው ሄዳለች፤ ባዶ ጆንያዋ ተጣጥፎ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። በራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሴትዮ ከሌሎች ወጣቶች ጋር መኪና ስትገባ አይታታለች።

አያ ይማም ፍየሎቻቸውን እያስገቡ ነበር።

«አያ፣ ዘሃራ ሄደች» አልኳቸው።

«ወዴት? ወደ እናቷ ነው?»

«ቆላ ወርዳለች ይላሉ። በባሕር አርጋ ሳዑዲ ልትገባ።»

የያዙትን ገመድ ለቀቁት። ፍየሏ ተመልሳ ወጣች፤ አላዩዋትም። ደጃፋቸው ላይ እንደ መቀመጥ አሉና፣

«ውሃ ውሃ ትለኝ የነበረው ለዚህ ኖሯል?» አሉ።

በዚያ ምሽት ሰሌኑ አልተነጠፈም፤ በነጋታውም። ከሳምንት በኋላ ፈራ ተባ እያልኩ «አያ፣ አንድ ተረት ቢነግሩኝ» አልኳቸው። «ረሳሁት ልጄ፤ እርጅና ነው» አሉኝ። መርሳታቸው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ክፍሌ ውስጥ በኩራዝ፣ እሳቸው ኩራዝ ሳያበሩ በራቸው ላይ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ለየብቻ እናመሽ ጀመር። የዘሃራ አለመኖር ከብዶኝ ነበር፤ የድምፃቸው መጥፋት ሲጨመርበት ግን ግቢው የሰው አልመስል አለኝ።

በዚያው ሰሞን የጂኦግራፊ ትምህርቱ ከመሬት ወደ ሰው ተሻገረ፤ ምዕራፉ ስለ ስደት ነበር። መምህሩ ገፊ ምክንያትና ሳቢ ምክንያት ብሎ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለው። ልጆቹ «ድርቅ»፣ «የመሬት ጥበት»፣ «ሥራ ማጣት» እያሉ ሲጠሩለት እሱ ይጽፋል። ቀጥሎ ካርታ ሳለና ከእኛ አገር ተነስቶ ባሕሩን የሚሻገር ወፍራም ቀስት አሰመረ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ያን ቀስት በዓይኔ ተከተልኩት። ዘሃራ እዚያ የጠመኔ መስመር ላይ፣ አንዱ ቦታ፣ በእግሯ እየሄደች ነበረች።

«ሰዓዳ፣ ጓደኛሽ ዛሬም የለችም?» አለኝ።

«ሄዳለች፣ ቲቸር።»

መምህሩ ሌሎቹንም ባዶ ቦታዎች ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን አራገፈና፣ «ይህን ምዕራፍ ፈተና ላይ አላወጣውም» ብሎ ደወሉ ሳይደወል ወጣ።

ያን ዕለት ማታ መጽሐፌንና ኩራዜን ይዤ አያ ይማም ደጃፍ ሄድኩ። ሰሌኑን ራሴ አነጠፍኩት። «አያ፣ እርስዎ ከረሱ እኔ ልንገርዎ» አልኩና ስለ ወንዞች የሚለውን ክፍል እያነበብኩ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ። የማላውቀውን ቃል እዘለዋለሁ፤ እንዳይቋረጥብኝ ስል ከራሴም እጨምርበታለሁ። እሳቸው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። አላረሙኝም፤ አልጨመሩልኝም። ስጨርስ ግን «ነገስ የቱን ነው የምታነቢው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እያነበብኩ አመሸን፤ የተራሮችን አነሳስ፣ የዝናቡን ወቅት፣ ስሙን መጥራት የማንችለውን የሩቅ አገር ሁሉ። የስደቱን ምዕራፍ ዘለልኩት።

ክረምት ሊገባ ሲል ባለሱቋ ሴትዮ «ከውጭ አገር ተደውሎልሻል!» ብላ ጠራችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ዘሃራ? ደረስሽ?»

«ደረስኩ። ሥራም ይዣለሁ።» ድምጿ የትልቅ ሴት ሆኗል።

«መንገዱስ?»

«አያ ይማምን ‹ያሉት ሁሉ እውነት ነው› በያቸው። ጉድጓዶቹም፣ ነፋሱም፣ ባሕሩም። ሰዉ ብቻ ነው እሳቸው እንዳሉት ያልሆነው።» ሌላ ነገር ልትል ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ወደ ግቢው የተመለስኩት ቀስ እያልኩ ነው። አያ ይማም ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ዘሃራ ደርሳለች። ያሉት ሁሉ እውነት ነው በያቸው ብላለች» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉና ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳረፉ። ሲያወርዱት ዓይናቸው ርሶ ነበር። «ሌላስ ምን አለች?»

«ሌላ ምንም አላለች።»

ትክ ብለው አዩኝ። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «አንቺም ተረት ቻልሽበት።»

አያ ይማም የሞቱት እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። እስከ መጨረሻቸው ተረት አላወሩም። ዘሃራ አሁንም እዚያው ሳዑዲ ናት፤ ለዒድ ትደውላለች፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሙቀቱ እናወራለን። መንገዱን አንስታው አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። እኔ ወልድያ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከሥራ ስመለስ ባጃጁ የሚያወርደኝ የኪራይ ቤት በር ላይ ነው፤ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ለምጄዋለሁ እላለሁ።

ተማሪዎቼ ስለ ነፋስና ስለ ጥላ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል። ስለ ቆላው ሳወራ ግን አንዳንዴ መሃል ላይ እቆምና ፊታቸውን አያለሁ። የትኛው ልጅ ለተረቱ፣ የትኛው ለመንገዱ እንደሚያዳምጥ ከፊቱ አይነበብም። አያ ይማምም አላነበቡትም፤ አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔም አላነበብኩትም። እንዲህ ሳስብ ጠመኔውን ማስቀመጥ ያምረኛል። አላስቀምጠውም። ያ ግቢ ዝም ሲል ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁና፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ እቀጥላለሁ።